እንቅልፍ ከመቶ ስንት?

ሰሞኑን የመጣው ጥያቄ ሁሉ እንቅልፍ፣ እንቅልፍ ሆኗል። ክረምቱ ነው መሰል። አራት ገጽ የጻፋችሁልኝ ቅር አይበላችሁ፣ አሳጥሬዋለሁ። ነርስ እንጂ ሐኪም እንዳልሆንኩም አትርሱ።

ከፍኖተ ሰላም፣ አንዲት መምህርት

ሁለት ዓመት ሙሉ ደክሟታል። ማታ 3 ሰዓት ተኝታ ጠዋት 12 ሰዓት ትነሳለች። ስትነሳ ግን ሌሊቱን ጤፍ ስታጭድ ያደረች ነው የሚመስላት። ወንድሟ ከውጭ የላከላት የእጅ ሰዓት ደግሞ “ከመቶ 88፣ ግሩም እንቅልፍ” ይላታል። ባሏም ለሰዓቱ መስክሯል፤ “ለጥ ብለሽ ነው ያደርሽው” ይላል። ማንን ልመን? ትላለች።

እህቴ፣ መጀመሪያ ራስሽን እመኚ። ሰዓቱ የሚያየው የእጅሽን እንቅስቃሴና የልብሽን ምት ነው። ከዚያ ተነስቶ ይገምታል። ጣራ ጣራ እያየሽ ሳትነቃነቂ ብታድሪም “ተኝታለች” ብሎ ሊመዘግብ ይችላል። ባልሽስ ቢሆን መቼ ነቅቶ ነው ያየሽ?

ዋናው ምርመራ ሌላ ነው። ራስ ላይ፣ ዓይን አጠገብ፣ አገጭ ላይ ሽቦ ይለጠፋል። ትንፋሽና የደም ኦክስጅን ይለካል። ሌሊቱ በ30 በ30 ሰከንድ ተቆራርጦ እያንዳንዱ ቁራጭ የእንቅልፍ ደረጃ ይሰጠዋል። በየጤና ጣቢያው የሚገኝ ነገር አይደለም። ቢገኝም ላያስደስትሽ ይችላል። በ2003 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ፍጹም ተመሳሳይ የሆኑ 22 ጥንድ መንትዮችን አነጻጽሮ ነበር። ከየጥንዱ አንዱ ሥር የሰደደ ድካም የሚባለው በሽታ አለበት፣ ሌላው ጤነኛ ነው። የታመሙት እንቅልፋችን ብልሽትሽት ብሏል አሉ። በመሣሪያው ሲታይ ግን እንቅልፋቸው ከጤነኞቹ ጋር በአብዛኛው ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ።

ይህን ሲሰማ “በቃ፣ ነገሩ የሐሳብ ነው” የሚል አይጠፋም። በሥራዬ ላይ ይህን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቼ ደሜ እንደፈላ! መሣሪያው የሚቆጥረው ስንት ሰዓት እንደተኛሽና በየትኛው ደረጃ እንደቆየሽ ነው። አንቺ የምትናገሪው ከዚያ እንቅልፍ ምን ይዘሽ እንደተነሳሽ ነው። እህሉ በቁና ተሰፍሮ ጎተራ ገባ ማለት ነቀዝ አልነካውም ማለት አይደለም። ሰፋሪው አልዋሸም፤ ባለቤቷም አልዋሸችም። የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩትም እንደ ፈረንጆቹ በ2015 የዚህን በሽታ መለያ ሲያወጣ “ተኝቶ ሳይታደሱ መነሳት”ን ከግድ ምልክቶቹ አንዱ አድርጎታል። ይህን የምትናገረው ታማሚዋ ራሷ ናት።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፈተና አርመሽ ወይ ገበያ ውለሽ በማግስቱ ለሁለት ሦስት ቀን ድፍት ትያለሽ? ይህ ከስድስት ወር በላይ ከቆየ ለሐኪምሽ ለይተሽ ንገሪ፤ ከበሽታው ዋና ምልክቶች አንዱ ነውና። “ተንቀሳቀሽ፣ ይለቅሻል” ለሚሉሽም አትሸነፊ። ይህ በሽታ ነው ከመባሉ በፊት ግን ደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ፣ ስኳርና ድብርት መታየት አለባቸው። የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋ ስትሄጂ የሁለት ሳምንት ማስታወሻ ይዘሽ ሂጂ። የተኛሽበትን ሰዓት ብቻ ሳይሆን ስትነሺ እንዴት እንደሆንሽም ጻፊ። ሰዓቱን ለጊዜው ቁም ሳጥን ውስጥ ክተቺው።

ከዳንግላ፣ አንድ ወጣት

“ሰዓቴ ‘በ3 ሰዓት ነቅተሃል’ ይለኛል። በ3 ሰዓት ገና ራት እየበላሁ ነኝ፤ ተበላሽቶ ይሆን?”

የፈረንጅ አቆጣጠር ነው ወንድሜ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማለቱ ነው።

ከደጀን፣ የአይሱዙ ሹፌር

እሱ “እንደ ግንድ ነው የምተኛው” ይላል። ሚስቱ ግን ያንኮራፋል፣ መሃል ላይ ትንፋሹ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ እንደታነቀ ሰው ይባንናል ትላለች። የጠየቀኝ፣ ቀን ቀን መሪ ላይ እንቅልፍ እንዳይጥለው ምን እንደሚጠጣ ነው።

ምንም! ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ያንተ ነገር የመምህርቷ ተገላቢጦሽ ነው፤ ስሜትህ ደህና ነህ ይልሃል፣ ቢለካ ግን ሌላ ሊወጣ ይችላል። የእንቅልፍ አፕኒያ ይባላል። ጉሮሮ ይዘጋል፣ ትንፋሽ ለ10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ይቋረጣል፣ ኦክስጅን ይወርዳል፣ አንጎል ለአፍታ ይነቃል። ጠዋት አንዱንም አታስታውሰውም። አባይ በረሃን ጭነት ይዘህ እየወረድክ ሽው ቢልብህ የምትሞተው አንተ ብቻ አይደለህም። በዚህ ሳምንት ሆስፒታል ሂድ፤ ወር እስኪወጣ አልልም። ሚስትህን ይዘህ ሂድ፣ ማንኮራፋትህንም በስልክ ትቅረጽልህ። እስክትታይ መሪ አትጨብጥ። ጫት ልቃም ወይ ብለህ መልሰህ እንዳትጽፍልኝ።

ከቡሬ

ማታ ማታ አንድ መለኪያ አረቄ ለእንቅልፍ ይረዳል? ቶሎ ያስተኛል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን ግን ይቆራርጠዋል። አንድ መለኪያ ማለትስ በማን መለኪያ?

ከሞጣ፣ አንድ አባት

“ዓይኔን ሳልከድን ነው የማድረው” ይላሉ። ልጆቻቸው ማንኮራፋትዎ ጎረቤት ይሰማል ይሏቸዋል። የእንቅልፍ ኪኒን ይፈልጋሉ።

አባባ፣ ይህም ያለ ነገር ነው። ቀላል እንቅልፍ የነቁ ያህል ሊሰማ ይችላል። ማታ 2 ሰዓት ጋደም ብለው ሌሊት 9 ሰዓት ለጸሎት ከተነሱ ደግሞ ሰባት ሰዓት ሆነ፤ ለእርስዎ ዕድሜ አያንስም። ኪኒኑ ይቅርብዎ። ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ጥሎ ዳሌ ያሰብራል። ጤና ጣቢያ ጎራ ብለው ደም ግፊትዎን ቢለኩ አይከፋም። ልጆችዎ ማንኮራፋትዎን ቀርጸው ለዕድርተኛ ማሰማታቸው ግን ነውር ነው፤ ያጥፉት።