ጋሼ፣ የትኛውን ልብ ወለድ እናንብብ?

ቅዳሜ ከሰዓት በብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ባለች ጠባብ ቡና ቤት የምንገናኝ ጥቂት አንባቢዎች ነን። በዚህ ወር ተራው የእኔ ሆነና ወጣቶቹ ጥያቄያቸውን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ባዶ የስኳር ዕቃ ውስጥ አጠራቀሙልኝ። የመለስኩትን እነሆ። ስኳር ተጣብቆባቸው ሊነበቡ ያልቻሉ ሁለት ወረቀቶች ነበሩ፤ ባለቤቶቻቸውን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰሞኑን ካነበቧቸው ውስጥ በጣም ያበሳጨዎት የቱ ነው?

መልስ፦ የአንድ ወጣት ደራሲ የመጀመሪያ ልብ ወለድ። ሳነብ እርሳስ ከእጄ አይለይም። ገጽ 214 ላይ አባትየው የልጁን ደብዳቤ ሳይከፍት ምድጃ ውስጥ ይጨምረዋል፤ ከዚያ ዞር ብሎ ቡናው ቀዝቅዟል ብሎ ይቆጣል። ኅዳጉ ላይ «እዚህ አለቀ» ብዬ ጻፍኩ። መጽሐፉ ግን እስከ ገጽ 380 ቀጠለ። ለምን? ደብዳቤው ውስጥ ምን እንደነበረ ሊነግረን! በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ አንዷ ገጸ ባሕርይ በሚያዝያ አደይ አበባ ትቀጥፋለች፤ ሌላው ከሜክሲኮ ተነሥቶ ፒያሳ ለመድረስ በመገናኛ በኩል ያልፋል።

ደራሲው ላይ ብቻ አልፈርድም። ይህን ሁሉ መያዝ የነበረበት አርታኢ ነው። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ረቂቅ አንብበው የሚገመግሙና የሚያርሙ ባለሙያዎች ነበሩት። የዚያን ዘመን ሳንሱር የሚናፍቅ ካለ እሱን አላውቅም፤ አርታኢውን ግን እኔ እናፍቃለሁ። ዛሬ ብዙው ደራሲ ራሱ ጽፎ፣ ራሱ አርሞ፣ ራሱ ተበድሮ ያሳትማል። ረቂቁን ያነበቡለት ወዳጆቹ ናቸው፤ ወዳጅ ደግሞ «ግሩም ነው» ከማለት ሌላ ምን ይላል?

ጥያቄ፦ ታዲያ የመጽሐፉን ስም ለምን ደበቁት?

መልስ፦ እስከ ገጽ 214 እንደዚያ የጻፈ ሰው ሁለተኛ መጽሐፉን መጻፍ ስላለበት።

ጥያቄ፦ ደራሲ አዳም ረታን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተውኩት። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ «የስንብት ቀለማት»ን አንሥተህ ከሆነ አልፈርድብህም፤ ውፍረቱ ለመተዋወቂያ አይሆንም። በ«ግራጫ ቃጭሎች» ጀምር። ዋናውን ገጸ ባሕርይ መዝገቡን አንዴ ከተከተልከው ይወስድሃል፤ ግን ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ እያሰላህ አታንብብ። አዳም የሚያስቀምጥህ ሽታ ላይ፣ ወጥ ላይ፣ የተሰነጠቀ ሲኒ ላይ ነው። እሱ ራሱ የአጻጻፍ መንገዱን «ሕጽናዊነት» ይለዋል፤ በእንጀራም ይመስለዋል። እኔ እንደገባኝ፣ የእንጀራ ዓይን አንዱ ከሌላው ተለይቶ ቢታይም ሁሉንም ያስገኘው አንድ ሊጥ ነው፤ ታሪኮቹም እንደዚያው ናቸው። አንዱ ቦታ ያለፍከው ሰው ሌላ ቦታ በሌላ በር ይገባል።

እውነቱን ልናገር፤ የግርጌ ማስታወሻዎቹ ያደክሙኛል። ግማሾቹ ከዋናው ታሪክ ይበልጣሉ፤ ግማሾቹን ዘልዬ ምንም አልጎደለብኝም። ይህን አድናቂዎቹ ፊት ስናገር ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።

ጥያቄ፦ «ዴርቶጋዳ»ን ያነበበ ሰው አንባቢ ይባላል?

መልስ፦ እንዴታ! የይስማዕከ ወርቁ መጽሐፍ በ2001 ሲወጣ ከትምህርት ቤት ወዲህ መጽሐፍ ያልገለጠ ሰው ታክሲ ውስጥ አቀርቅሮ ሲያነብ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን ውለታ የሚንቅ ምሁር ራሱን ይመርምር። ለእኔ ግን አንድ ጊዜ የሚነበብ መጽሐፍ ነው። መጨረሻውን ካወቅኩ በኋላ ተመልሼ ላጣጥመው የምሻው ዐረፍተ ነገር አላገኘሁም። የሚያሳዝነኝ ተከታዮቹ ናቸው፤ ገዳም፣ ብራና፣ ሰላይና ሔሊኮፕተር ቀላቅለው ልብ ወለድ የጻፉ የመሰላቸው።

ጥያቄ፦ ደጋግመው የሚያነሡት «አጥቢያ» ምን የተለየ ነገር አለው?

መልስ፦ የዓለማየሁ ገላጋይ «አጥቢያ» የወጣው በ1999 ነው፤ የአራት ኪሎ ሰፈር ሰዎች መጽሐፍ። መጀመሪያ ሳነበው ቀልዱ በዝቶብኝ ነበር። «ይህን ሁሉ ድህነት ይዞ እንዴት እንዲህ ይቀልዳል?» አልኩ። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ከመደርደሪያ አወረድኩትና እንደገና አነበብኩት። በዚያው ሳምንት ከጊዮርጊስ ቁልቁል ስወርድ ግማሹ የቆመ አንድ ግድግዳ አየሁ። ውሃ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፤ መሐሉ ላይ ለዓመታት የቀን መቁጠሪያ የተሰቀለበት ቦታ አራት ማዕዘን ሆኖ ከሌላው ደምቆ ቀርቷል፤ ምስማሩም እንዳለ ነው። ያኔ የመጽሐፉ ቀልድ ገባኝ። ሰፈር ሲበተን ዕቃው በጭነት መኪና ይሄዳል፤ ቀልዱ ግን አይጫንም፤ የሚስቅበት ጎረቤት ሌላ ኮንዶሚኒየም ደርሶታልና።

ዓለማየሁ ድሀውን አያባብልም። ገጸ ባሕርያቱ ተንኮለኞች፣ ጨካኞች፣ ምላሰኞች ናቸው፤ ስለዚህ አምናቸዋለሁ። ጉድለት አምጣ ካልከኝ፣ አንዳንዴ ሁሉም እንደ ደራሲው አንደበተ ርቱዕ ይሆናሉ። በሰፈር ውስጥ አንድ ሁለት የማይናገር ሰውም አለ።

ጥያቄ፦ «ኦሮማይ» በእንግሊዝኛ መተርጎሙን ሰምተዋል?

መልስ፦ ሰምቻለሁ፤ በ2025 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ወጣ። መጽሐፉ በ1975 ታትሞ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በዓሉ ግርማ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ከአርባ ዓመት በኋላ ሌላው ዓለም ሲያነበው ደስ ይለኛል፤ የሚያሳፍረኝ በአማርኛ ሳያነበው በእንግሊዝኛ ሊጀምር የሚሮጠው የእኛው ሰው ነው።

ጥያቄ፦ መጽሐፍ ተወደደ። ከስልክ ላይ ማንበብ ነውር ነው?

መልስ፦ ከገበያ የጠፋ አሮጌ መጽሐፍ ከሆነ ዓይንህን ይማርልህ፣ አንብብ። ባለፈው ወር የታተመ ከሆነ ግን ተበድሮ ካሳተመው ሰው ኪስ እጅህን አስገብተሃል። ተዋጥታችሁ አንድ ግዙና ተቀባበሉት።

ጥያቄ፦ የእርስዎን «አጥቢያ» ሊያውሱኝ ይችላሉ?

መልስ፦ ሁለት ጊዜ አውሼ ሁለት ጊዜ ቀርቷል። ይሄኛው ሦስተኛ ግዢ ነው፤ ከዚህ ቡና ቤት አይወጣም። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ና፣ እዚሁ ተቀምጠህ አንብብ። የቡናውን እኔ እከፍላለሁ፤ እርሳስ ግን ይዘህ ና።