ፊልሙን አትጣሉት

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንዲት የጎረቤት ልጅ የአያቷን ሻንጣ ስታራግፍ ያገኘችውን የፎቶ ፊልም ቁራጭ ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ይህ ይጣል አይደል?» አለችኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ፎቶ ቤት የሠራ ሰው እንዲህ ሲባል ምን እንደሚሰማው ገምቱ። ልቆጣ ስል ግን የራሴ ጥፋት ትዝ አለኝ።

በእናቴ ሳሎን ውስጥ የአባቴ ፎቶ ተሰቅሎ ነበር። ቆሞ የተነሳው ነው። በአንድ በኩል በመቀስ ተቆርጧል፤ በዚያው በኩል ትከሻው ላይ ጠቆር ያለ ነገር ይታያል። ሙያውን እንደለመድኩ፣ ደስ ይበላት ብዬ ፎቶውን አሳደግኩላትና ያንን «እድፍ» በቀጭን ብሩሽ ሪታች አድርጌ አጠፋሁት። እናቴ ትኩር ብላ አየችውና «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ሌላ ቃል አልወጣትም።

ካረፈች በኋላ ከሳጥኗ ሥር፣ በአሮጌ ፖስታ ውስጥ፣ ሦስት ምስል ያለበት ጥቁርና ነጭ ፊልም አገኘሁ። ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጌ አየሁት። ፊልም ላይ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው፤ አባቴ ጸጉሩ ነጭ፣ ሸሚዙ ጥቁር ሆኖ ቆሟል። አጠገቡ የክቡር ዘበኛ (የንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂ ጦር) የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ክንዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል። እድፍ ብዬ ያጠፋሁት የዚያን ሰው ጣቶች ነበር።

አትሜው ወደ አክስቴ ሄድኩ። «ይህ ማን ነው?» ብዬ አላፋጠጥኳትም፤ እናንተም አታፋጥጡ። ቡናው ተፈላ፣ ፎቶውን ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጥኩና ዝም አልኩ። በአቦል «እንጃ» አለች። በቶናው «የእናትህ ታላቅ ወንድም ነው» አለች። የክቡር ዘበኛ አዛዦች የመሩት የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ፣ የክቡር ዘበኛ ሰው ፎቶ ቤታቸው ውስጥ መኖሩ አስፈራቸው፤ እናቴ በዚያው ሰሞን መቀስ አነሳች። ፊልሙን ረስታው ይሁን ሆን ብላ ደብቃው፣ አክስቴም አታውቅም።

ፊልም ስታገኙ ጠርዙን ብቻ ያዙ። ምስሉን የተሸከመው ደብዘዝ ያለው ገጽ ነው፤ ጣትም እርጥብ ጨርቅም አይንካው። የሚያብረቀርቀውን ወደ እናንተ ካዞራችሁ ግራና ቀኙ አይምታታም። የኮምፒውተር ስክሪን ነጭ አድርጋችሁ፣ ፊልሙን ከስክሪኑ ትንሽ አርቃችሁ በስልክ አንሱትና ቀለሙን ገልብጡ፤ ለመጀመሪያ እይታ ይበቃል። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተተ መበላሸት ጀምሯል፤ ከሌሎቹ ለዩትና ሳትውሉ ሳታድሩ ቅጂ አስቀሩለት። ከፕላስቲክ ይልቅ የወረቀት ፖስታ ይስማማዋል። በጣም አሮጌው ዓይነት ደግሞ እንደ ክብሪት ይቀጣጠላልና ከእሳት አርቁት።

ቆራርጣችሁ «ጥሩ ጥሩውን» መምረጥ ግን አይሆንም። አልበም ውስጥ የገባው ባለቤቱ የወደደው ነው፤ ተበላሸ ተብሎ የቀረው ከጎኑ አለ። በእናቴ ፊልም ሦስተኛው ምስል ተንቀሳቅሷል። ሁለቱ ሰዎች እየሳቁ ነው፤ ከኋላቸው በሩ ላይ አንዲት ቀሚስ የለበሰች ሴት ቆማለች፤ ፊቷ አይለይም። አክስቴ «እኔ ነኝ» ትላለች። ለእኔ እናቴን ትመስለኛለች። እስካሁን አልተስማማንም።