ለሱዙኪ ስዊፍት ስፖርት መኪናዬ ትልቅ የፍሬን ዲስክ ልግጠም ወይ ላልከው
አትግጠም፤ መጀመሪያ የፍሬን ዘይቱን ቀይር። ባሕር ዳር ውስጥ ደህና ይዞ ዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ እየለሰለሰ የሚሰምጥብህ ዘይቱ ስለሚፈላ ነው። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 230 ዲግሪ ይችላል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 155 አካባቢ ሊፈላ ይችላል።

ፔዳሉ ጠንክሮ መኪናው አልቆም ቢልህ ኖሮ ዲስኩን ቆንጥጦ የሚይዘው የፍሬን ሸራ ነው እልህ ነበር። ያኔም ሙቀት የሚችል ሸራ ይበቃል። ትልቁ ዲስክ ዋጋው ሌላ፣ ቸርኬህ ውስጥ መግባቱም ያጠራጥራል።

ከደጀን ስትወርድ ደግሞ ሁለተኛ ማርሽ አስገባና ሞተሩ ይያዝልህ፤ እግርህን ፍሬን ላይ አታሳርፍ።

አደራ፣ ጋራዡ መደርደሪያ ላይ ተከፍቶ ቆይቶ እርጥበት የጠጣ ዘይት እንዳይሞሉልህ። እኔ እንደዚያ ተሞልቶልኝ ያውቃል፤ ለውጥ የለውም። የታሸገውን ራስህ ገዝተህ ሂድ፣ ክዳኑ ዓይንህ እያየ ይከፈት፣ የፍሬን መስመሩ ውስጥ የገባውንም አየር በአራቱም ጎማ ፍሬን በኩል ያስወጡልህ።