ከስትሮክ በኋላ የሚመጣው ልቅሶ፣ ቁጣና ዝምታ፦ ስለ አባቷ ለጠየቀችው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አባትሽ 58 ዓመታቸው ነው፣ ስትሮክ ከመታቸው ሦስት ወር አለፈ፣ በከዘራ መሄድ ጀምረዋል፣ ሐኪሙም «ለውጡ በጣም ጥሩ ነው» ብሏችኋል። ቤት ውስጥ ግን ጠያቂ በገባ ቁጥር ያለቅሳሉ፣ እናትሽ ላይ ይጮሃሉ፣ የቀረውን ሰዓት ሶፋው ላይ ዝም ብለው ይውላሉ። ከዘመድ አንዱ ሰነፉ ይላል፣ አንዱ ተስፋ ቆረጡ ይላል፣ አንዱ የሰው ዓይን ነው ይላል። «ይሄ ጠባይ ያልፋል ወይ? እኛስ ምን እናድርግ?» ነው ያልሽው።

እኔ ራሴ በ2011 ዓ.ም. ስትሮክ የመታኝ ሰው ነኝ። ጉዳቱ በቀኝ የአንጎሌ ክፍል ስለነበር የተያዘው ግራ ጎኔ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ የምነግርሽ ያለፍኩበትንና ከሐኪሞቼ ጠይቄ የተረዳሁትን ነው። ከሁሉ በፊት እንድታውቂልኝ የምፈልገው፣ ልቅሶው፣ ቁጣውና ዝምታው ከተለያየ ቦታ ሊመጡ እንደሚችሉ ነው። ሁሉንም «ተስፋ ቆርጠው ነው» ብላችሁ ከደመራችሁት አያያዙም ሕክምናውም ይሳሳታል።

ከልቅሶው ልጀምር። ስትሮክ ስሜትን የሚገታውን የአንጎል መስመር ሲጎዳው፣ ሰው ሳያዝን ያለቅሳል፤ አንዳንዱም ሳይደሰት ይስቃል። እኔ ዜና ላይ የአየር ትንበያ ሲነበብ ሰምቼ አልቅሻለሁ። የልጄ ስም ሲጠራ፣ ሰው «እንዴት ነህ?» ሲለኝ፣ እንባዬ ዱብ ዱብ ይላል። ሆዴ ውስጥ ግን ሐዘን የሚባል ነገር አልነበረም። መከራው የሚብሰው በጠያቂ ፊት ነው። እኔ ሳለቅስ እነሱም ያለቅሳሉ፤ ደህና ሁኑ እያልኳቸው ይመስላቸዋል፤ ቤቱ በአንድ አፍታ ልቅሶ ቤት ይሆናል። የእነሱን እንባ ሳይ የኔ ይብስበታል። ባለቤቴ ነገሩን ከሐኪሙ ከሰማች በኋላ ጠያቂውን በር ላይ ትቀበልና «ካለቀሰ አትደንግጡ፣ የሕመሙ ነው፤ ወሬያችሁን ቀጥሉ» ትላቸው ጀመር። እውነትም ማንም ካላፈጠጠብኝና «ምን ሆነህ ነው?» ካላለኝ ወዲያው ይቆምልኛል። ውኃ ማቀበል፣ ወሬውን ወደ ሌላ ማዞር፣ በቃ ይበቃል። ይህ ዓይነቱ ልቅሶ በመጀመሪያዎቹ ወራት በርትቶ እየቀነሰ የሚሄድ ነው፤ ከበዛም ሐኪሙ የሚያዝለት መድኃኒት አለ።

ስለዚህ አባትሽ ተረጋግተው በተቀመጡበት ሰዓት፣ ብቻችሁን ስትሆኑ፣ ውስጣቸው አዝኖ እንደሆነ ወይስ ልቅሶው ዝም ብሎ እንደሚመጣባቸው ጠይቂያቸው። «ዝም ብሎ ነው የሚመጣብኝ፣ ያሳፍረኛል» ካሉሽ መልሱን አገኘሽ። ያንን ቃል ለሐኪሙ እንዳለ ንገሪው።

ድብርት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱንም አትናቁት። ስትሮክ ካገኛቸው ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ገደማ በሆነ ጊዜ ላይ ድብርት ውስጥ ይገባል። ምልክቱ የግድ እንባ አይደለም። ሌሊት ነቅቶ ማደር፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ የሚወዱት ነገር ሁሉ ማስጠላት፣ «ሸክም ሆንኩባችሁ» ማለት፣ ፊዚዮቴራፒውን «ምን ዋጋ አለው» ብሎ መተው ነው። በእኛ አገር «የሥነ አእምሮ ሐኪም ይየው» ሲባል ቤተሰብ ይደነግጣል፣ አማኑኤል ተወሰደ ተብሎ እንዳይወራ ይፈራል። ጥቁር አንበሳም ጳውሎስም የሥነ አእምሮ ክፍል አላቸው፤ ስትሮኩን የሚከታተለው ሐኪም ራሱ ሊያስጀምርም ሊልካችሁም ይችላል። መድኃኒቱ ለመሥራት ሳምንታት ይፈጃል፣ ስለዚህ «አልሠራም» ብላችሁ በራሳችሁ እንዳታቆሙት።

ከጎረቤት ወይም ከፋርማሲ በአፍ ተነግሮ የሚገዛ የድብርት መድኃኒት ግን ተይ። ፍሉኦክሴቲን የሚባለውን «ለስትሮክ ጥሩ ነው፣ እጅ እግር ያፍታታል» ብለው የሚመክሩ አሉ። ወሬው መነሻ ነበረው፤ ቀደም ሲል የተሠራ ትንሽ ጥናት ተስፋ ሰጥቶ ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ከ3,000 በሚበልጡ ሕሙማን ላይ ተሠርቶ የታተመው ጥናት ግን ለድብርቱ እንደረዳ፣ የአካል ማገገሙን እንዳላሻሻለ፣ የአጥንት ስብራትን ደግሞ እንደጨመረ አሳይቷል። በከዘራ ለሚሄድ ሰው ስብራት ቀላል ነገር አይደለም። ድብርት ያለበት ሰው ይውሰደው፤ የሌለበት አይውሰድ። ይህን የሚለየው ሐኪም ነው።

ሶፋው ላይ ዝም ብሎ መዋል ድብርትም ላይሆን ይችላል። አንጎል ውስጥ «ተነስ፣ ጀምር» የሚለው ነገር ሲጎዳ ሰው አያዝንም፣ አያማርርም፣ ብቻ አይጀምርም። እንዲህ ያለውን ሰው «ምን ትፈልጋለህ?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፣ መልሱ «ምንም» ነው። መምከርና መቆጣትም አይሠራም። ለእኔ የሠራው በሰዓት የታሰረ ቀን ነው፦ ጠዋት ሁለት ሰዓት ፊት መታጠብ፣ ሦስት ሰዓት እስከ ሱቁ ድረስ መሄድ፣ ከምሳ በኋላ ዕረፍት። ሰው ክንዴን ይዞ «እንሂድ» ሲለኝ እሄድ ነበር። ጥያቄ ሳይሆን መነሻ ስጧቸው። ደግሞ የአባትነት ሥራቸውን አትንጠቁባቸው። የእድር መዋጮውን ራሳቸው ይክፈሉ፣ የመብራት ሒሳቡን እሳቸው ይዩት፣ ቢዘገዩም ጠብቋቸው። እሳቸው ፊት ተቀምጣችሁ ስለ እሳቸው በሦስተኛ ሰው ማውራት ደግሞ ከሁሉ የሚያቆስል ነው፤ እኔ ሁሉንም እሰማ ነበር።

ወደ ቁጣው ስመጣ፣ መጀመሪያ የምጠይቅሽ፣ በስንት ሰዓት ነው የሚቆጡት? ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው አለ? ቴሌቪዥኑስ ተከፍቷል ወይ? ከስትሮክ በኋላ የሚመጣ ድካም አለ፤ እንቅልፍ የማይጠግነው፣ ከውጭ የማይታይ። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ቁጥር መደመር አልጠፋብኝም፤ ግን አንድ ዓምድ እየደመርኩ ሰው ስሜን ከጠራኝ ሁሉም ከአእምሮዬ ይበናል፣ ከላይ እንደገና እጀምራለሁ። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ካወራ የሁለቱም አይገባኝም። አሁን በዚህ አእምሮ ላይ የእኛን ጥየቃ ጨምሪበት፦ አሥር ሰው በአንድ ክፍል፣ ቡና ይወቀጣል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ ሁሉም በየተራ «አወቅኸኝ?» ይላል። ጠያቂ ሲሄድ ቁጣው የሚወርደው ቅርብ በተገኘው ሰው ላይ ነው፤ አባትሽ ዘንድ እናትሽ ናቸው። ቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ ጠያቂ ሁለት ሁለት ሆኖ ይግባ፣ ጠዋት ጉልበት ባላቸው ሰዓት ይሁን፣ ከግማሽ ሰዓት አይለፍ። ዘመድ ይቀየማል ብለሽ አትፍሪ። በበዓል ሰሞን ደግሞ ጓዳ ገብተው የሚያርፉበት ቦታ አዘጋጁ። እኛ ቤት ይህ ብቻ ጩኸቱን ከግማሽ በላይ ቀንሶታል።

አንድ ያልጠቀስሽው ነገር አለ፤ ግን እይው። አባትሽ የተያዘው ጎናቸው ግራው ከሆነ ሲበሉ ልብ ብለሽ ተመልከቺ። እኔ ከትሪው ላይ በቀኝ ያለውን እንጀራ ጠርጌ በልቼ «ጨመር አድርጉልኝ» እል ነበር፤ በግራ በኩል ወጡም እንጀራውም እንዳለ ተቀምጧል። ዓይኔ ደህና ነው፤ አንጎሌ ግን ግራ የሚባለውን ዓለም አይቆጥረውም። ጺሜንም የምላጨው በአንድ ጉንጭ ነበር። ባለቤቴ ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ተምራ ሚጥሚጣዬን በትሪው ግራ ጠርዝ ላይ ታስቀምጥና «እሷን እስክታገኝ ድረስ ፈልግ» ትለኛለች፤ እሷን ፍለጋ አንገቴን ሳዞር ወጡንም አገኘዋለሁ። እንዲህ ዓይነት ምልክት ካየሽ መኪና እንዳይነዱ፣ መንገድም ብቻቸውን እንዳያቋርጡ።

ከዚሁ ጋር የሚመጣ ሌላም አለ፦ ሕመሙን አለማወቅ። እጁ የማይንቀሳቀስ ሰው «እጄ ደህና ነው» ይላል። ባቢንስኪ የተባለው የፈረንሳይ የነርቭ ሐኪም በ1914 እ.ኤ.አ. ስም ያወጣለት ነገር ነው። ግትርነት አይደለም፣ ውሸትም አይደለም፤ ክርክር ውስጥ አትግቡ። ዝም ብላችሁ ከመውደቅ ጠብቁት፤ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ እየለቀቀ ይሄዳል።

ከታች «እናቴ መናገር አቅቷት ጸሎት ግን ትላለች፣ አውቃ ነው ወይ?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድም፣ አውቃ አይደለም። ሆስፒታል አጠገቤ የተኙ አንድ አባት ስማቸውን መጥራት አቅቷቸው «አባታችን ሆይ»ን ከዳር እስከ ዳር ይሉ ነበር። በቃል የተያዘ ጸሎት፣ መዝሙርና ቁጥር የሚወጣበት መንገድ አዲስ ዓረፍተ ነገር ከሚሠራበት ይለያል። በ1970ዎቹ ቦስተን ውስጥ በዜማ የማናገር ሕክምና የተጀመረውም ከዚህ ተነስቶ ነው። የንግግር ሕክምና ባለሙያ አገራችን ውስጥ ጥቂት ስለሆነ፣ እስክታገኝ ድረስ በምታውቀው መዝሙር አብረሃት ዘምር፣ በአዎና በአይ የሚመለስ ጥያቄ ጠይቃት፣ ቃሉን ከአፏ አትቀማት።

ጸበልን በተመለከተ፣ እህቴ፣ እኔም ተጠምቄያለሁ፣ ልቤም ተረጋግቶልኛል። ውሰዷቸው። የደም ግፊት መድኃኒታቸው ግን አንድም ቀን እንዳይቋረጥ፤ በጾምም ቢሆን ሰዓቱን ከሐኪም ጋር አስተካክሉ። ሁለተኛ ስትሮክ የሚመጣው በዚያ ቀዳዳ ነው፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ስትሮክ ደግሞ ከማስታወስና ከማሰብ ላይ ይቀንሳል።

«ያልፋል ወይ?» ላልሽው፣ እጅና እግር ፈጥኖ የሚሻሻለው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ አእምሮ ግን ከዚያ በኋላም ለዓመታት ይሻሻላል። ጂል ቦልት ቴይለር የምትባል አሜሪካዊት የአንጎል ተመራማሪ በ37 ዓመቷ፣ ታኅሣሥ 1996 እ.ኤ.አ. በግራ አንጎሏ ደም ፈስሶ መናገርም ማንበብም ጠፍቷት ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ለማገገም ስምንት ዓመት እንደፈጀባት ራሷ ተናግራለች። ሁሉም ሰው እንደ እሷ አይሆንም። እኔ ዛሬም ሁለት ሰው ሲያወራ አንዱን «ቆይ» እላለሁ፣ ከምሳ በኋላም ሳላርፍ አልውልም። ልቅሶው ግን ሄዷል፣ ትሪውንም እጨርሳለሁ።

እናትሽ በሳምንት ግማሽ ቀን እንኳ ከቤት ይውጡ፤ ተራ ግቡላቸው።

የሲቲ ስካኑ ወረቀት ላይ ጉዳቱ ቀኝ ነው ወይስ ግራ የሚለውን እዩና እዚሁ ጻፊልኝ። እስከ ቀጠሮው ድረስ መቼ እንዳለቀሱ፣ መቼ እንደተቆጡ፣ ስንት ሰዓት እንደተኙ በደብተር ያዢ፤ ሐኪሙ ፊት ከምትናገሩት ይልቅ እሱ ይረዳዋል። «ብሞት ይሻለኝ ነበር» የሚል ቃል ከወጣቸው ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ያኑ ቀን ውሰዷቸው።