ለኩላሊት ታማሚ አባትሽ አስቤዛ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ አባቴ ኩላሊቱ ደክሟል ተባለ፣ እጥበት ገና አልጀመረም፣ አስቤዛ ምን ልግዛለት ብለሻል። የእኔም እናት ልክ እንደዚያው ነበረች። ስለዚህ የደረሰብኝን ልንገርሽ።

1. "ሶዲየም የሌለው ጨው" የሚባል ነገር ሱቅ ካየሽ እንዳትነኪው። ሰው ከውጭ ቢልክልሽም እንዳትቀበዪ። ይህን አንደኛ ያደረግኩት ስለተቃጠልኩበት ነው።

ሐኪሙ ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ "ጨው ቀንሱላት" ብሎ ሸኘን። ስለ ምግብ የሚያስረዳን ሰው የለም ወይ ብዬ ብጠይቅ ወደ ሌላ መስኮት ላኩኝ። እዚያ ያለችው ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል "ሐሙስ ነው የምትገባው" አለችኝ። ሐሙስ ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። "ስልጠና ላይ ናት፣ በሚቀጥለው ሐሙስ።" በሚቀጥለውም የለችም። እናቴ ደግሞ ያለ ጨው አልጫ እንኳ አይወርድላትም፣ ጉርሻውን አፏ ውስጥ እያንከባለለች ታየኛለች። አሜሪካ ላለችው ታናሼ ስነግራት በሰው እጅ ሁለት ጣሳ ላከች። ጨው ጨው ይላል፣ ሶዲየም የለውም፣ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ! ወጡ ላይ ሳልሰስት ነሰነስኩላት።

በሦስተኛው ሳምንት ከአልጋዋ መነሳት አቃታት። እግሬ ከዳኝ አለች። ድካም ነው ብለን አንድ ቀን አሳደርናት፣ ያቺ ቀን እስካሁን ትቆጨኛለች። ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ፖታሲየም የሚባለው በደሟ ያለ ማዕድን 6.8 ነበር። ከ5 ብዙም ማለፍ የለበትም፣ ሲበዛ ልብ ያቆማል። ካልሲየም በደም ሥሯ ሰጧት፣ ኢንሱሊን ከግሉኮስ ጋር ሰጧት፣ እኔ ኮሪደሩ ላይ እግዚኦ እያልኩ ነው። ተረኛዋ ሐኪም፣ እግዜር ይስጣትና፣ የምትበላውን ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቀችኝና ጣሳውን አስመጣችኝ። ጀርባውን አነበበችልኝ። ፖታሲየም ክሎራይድ! ሩብ የሻይ ማንኪያው ከ600 ሚሊግራም በላይ ፖታሲየም አለው። አንድ መካከለኛ ሙዝ እንኳ 400 ገደማ ነው። ሙዝ ከልክዬ ከሙዝ የባሰውን በማንኪያ ስሰጣት ነበር። ደህና ኩላሊት ያለው ሰው ትርፉን በሽንት ያስወጣዋል፣ የእሷ ግን አቅቶታል።

2. በርበሬና ምጥን ሽሮ ተዘጋጅቶ አትግዢ። ብዙዎቹ ጨው አብሮ ተፈጭቶባቸዋል፣ ስንት እንደሆነ ደግሞ ሻጯም አታውቅም። እኔ ዛላውን ገዝቼ፣ አዘጋጅቼ ወፍጮ ቤት ወስጄ ያለ ጨው አስፈጫለሁ። የሾርባ ኩብ ቤትሽ አይግባ። ለጣዕሙ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ ሎሚ ጠብ አድርጊበት። እናቴ መጀመሪያ ላይ አኩርፋኝ ነበር፣ አሁን የጎረቤት ወጥ "ጨው በዝቶበታል" ትላለች።

3. ጎረቤት አትስሚ። ደም አንሷታል ሲባል ቀይ ሥር ጭመቂላት ያላለኝ ሰው የለም። አቮካዶ ጁስ ይዞ የሚመጣ ጠያቂም አለ፣ ከነፍቅሩ። ሁለቱም ፖታሲየማቸው ከባድ ነው። ፍራፍሬ ሲሉሽ ፖምና አናናስ በሉ በያቸው፣ እሱም በልክ።

4. አትክልት የምገዛው እሁድ ገበያ ነው። ጥቅል ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ። ቆስጣና የቲማቲም ድልህ ትቻለሁ። ድንች ግን እንዴት ይተዋል፣ በተለይ በሁዳዴ! ልጬ በስሱ እከትፈውና ውሃ ውስጥ አቆየዋለሁ፣ ከዚያ በብዙ ውሃ ቀቅዬ ውሃውን እደፋለሁ። ፖታሲየሙ ሁሉ ባይወጣም ይቀንሳል። ውሃውን ለሾርባ እንዳታስቀምጪ፣ እኔ ሞኝ አስቀምጬ ነበር። ጾሙ ራሱ ራስ ምታት ነው፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ድንች፣ ቆስጣ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይመጣል። እኛ የንስሐ አባቷን ለምነን ነው ያስፈታናት፣ እሷ እስካሁን ይከነክናታል።

5... የታሸገ ነገር ስትገዢ ጀርባውን አንብቢ። "ፎስፌት" የሚል ካለ መልሺው፣ እሱንም የደከመ ኩላሊት በደንብ አያስወጣውም። ጥቁሩን ለስላሳም (ኮላውን) በዚሁ ምክንያት ተዪው።

አንድ ነገር ግን፣ እጥበት ከጀመረ ይህን ሁሉ እንደገና ጠይቂ። እኛን ሥጋ ቀንሱ ይሉን የነበሩት፣ እጥበት ላይ ያለችውን ጎረቤታችንን እንቁላልና ሥጋ ጨምሪ ነው የሚሏት።

ለመሆኑ የአባትሽ ፖታሲየም ስንት ነው? የላብራቶሪው ወረቀት ላይ "ኬ" ከምትለዋ የእንግሊዝኛ ፊደል (K) ጎን ታገኚዋለሽ። ከሌለ አልተለካም ማለት ነውና አስለኪ፣ መስኮቷ ላይ ያለችው ብታመናጭቅሽም ንቅንቅ አትበዪ።