መልስ፦ የኪልት ኪት ስገዛ ገበሩና ጥጡ አብሮ ይመጣል?

አብዛኛውን ጊዜ አይመጣም። ኪልት ማለት ፊቱ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ የሚሰፋ፣ መሃሉ ጥጥ የሚገባበት ድርብ የአልጋ ልብስ ነው። እሱን ለመስፋት ተዘጋጅቶ ኪት ተብሎ የሚሸጠው የፊቱ ጨርቅ፣ ጠርዙ የሚታሰርበት ጨርቅና የአሠራር መመሪያው ነው። የጀርባው ገበር፣ መሃል የሚገባው ጥጥና ክሩ ለብቻ ይገዛሉ። ስለዚህ የኪቱን ዋጋ ብቻ አይተሽ ረከሰ አትበይ።

ገበሩ ከፊቱ በየጎኑ 4 ኢንች ያህል የሚተርፍ ይሁን። ለትልቅ አልጋ ከሆነ 108 ኢንች ስፋት ያለው የገበር ጨርቅ አለ። ዋጋው ያስደነግጣል፣ ግን ጨርቅ ከጨርቅ እየሰፉ ከመቀጠል ይገላግልሻል። እኔ እሱን ነው የምመርጠው።

ደግሞ "ቀድሞ የተቆረጠ" የሚል ካላየሽ ጨርቁ ሳይቆረጥ ነው የሚመጣው፤ ቆራጯ አንቺው ነሽ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፦ ኪት ውስጥ ትርፍ ጨርቅ እምብዛም የለም። እንደደረሰሽ መመሪያው ላይ ካለው ዝርዝር ጋር እያመሳከርሽ ለኪው። የጎደለ ካለ መቀስ ሳይነካው ለሻጩ ንገሪ። ከቆየሽ ያው ጨርቅ ከገበያ ሊጠፋ ይችላል፤ ተመሳሳዩን ፍለጋ መዞር ደግሞ አበሳ ነው። ተቆርጠው የመጡትን ሳትሰፊ እንዳታጥቢያቸው፤ ጠርዛቸው ይተረተራል፣ ልካቸውም ይዛባል። ቀለም ይለቃል ብለሽ ከሰጋሽ፣ ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ በመጀመሪያው እጥበት ላይ የለቀቀውን ቀለም መጥጦ የሚይዘውን የማጠቢያ ወረቀት አብረሽ ማሽኑ ውስጥ ክተቺ።