«በሦስት ዙር ክፈይ» የተባለው ወረቀት ላይ ፈርመዋል?

ጥያቄ፦ አዋሬ የምኖር ተከራይ ነኝ። ግቢው ውስጥ ሦስት ቤት አለ። ለ11 ዓመት ሁላችንም በአንድ የውሃ ቆጣሪ ስንጠቀም ቆይተናል፤ ለአከራያችን በሰው ቁጥር እናዋጣ ነበር። እኔ ለቤተሰቤ በወር ከ200 ብር በላይ ከፍዬ አላውቅም። ጭቅጭቁ ሲሰለቸኝ ለብቻዬ ቆጣሪ ይግባልኝ አልኩ፤ ገባ። አራት ወር ሙሉ ቢል ሳይመጣ ቆየ። ከዚያ በአንድ ጊዜ 186 ሜትር ኩብ ተብሎ ከ9 ሺህ ብር በላይ መጣብኝ። እኛ አራት ሰው ነን። ውሃው ደግሞ በፈረቃ ነው፤ ያውም ሌሊት። የውሃ መሥሪያ ቤቱ ቅርንጫፍ ሄጄ ስጮህ «በሦስት ዙር ክፈይ» አሉኝ። ቆጣሪው ብልሹ ነው። መክሰስ እችላለሁ ወይ?

መልስ፦

መክሰስማ ማን ይከለክልዎታል። ጥያቄው ከከሰሱ በኋላ ምን ማስረጃ ያሳያሉ የሚለው ነው። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ በየንባቡ አንድ የጎደለ ነገር አገኘሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝና ከጻፉት ይልቅ ያልጻፉት ላይ አተኩራለሁ።

በመጀመሪያ ግን ሂሳብ እንሥራ። አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነው፤ በ20 ሊትሩ ጀሪካን 50 ማለት ነው። 186 ሜትር ኩብ 9,300 ጀሪካን ይሆናል። ለአራት ወር ሲካፈል በቀን 77 ጀሪካን ገደማ። አራት ሰው በቀን 77 ጀሪካን የት ያደርሰዋል? ስለዚህ «ይህን ያህል አልተጠቀምኩም» ማለትዎ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ይህን ስሌት በወረቀት ይያዙት፤ ለአቤቱታም ይጠቅማል።

ነገር ግን ከዚህ ተነስቶ «ቆጣሪው ብልሹ ነው» ማለት ትልቅ ዝላይ ነው። ቁጥሩ ተሳስቶ ተነቦ ሊሆን ይችላል። ቆጣሪው ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ቧንቧ ወይም ሮቶው እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ወይም ሌላ ሰው ከእርስዎ መስመር እየቀዳ ይሆናል። የጥብቅና ቢሮዬ ከመጡ ሰዎች ያየሁት የኋለኞቹ ሁለቱ እንደሚበዙ ነው። ሁሉም ግን ሲመጡ «ቆጣሪው ነው» ብለው ነው የሚጀምሩት።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው የጎደለ ነገር ይመጣል። ግቢው ውስጥ ሦስት ቤት አለ ብለዋል። የእርስዎ ቆጣሪ ሲገባ የድሮው የጋራ ቆጣሪ የት ደረሰ? ተነሳ? ሁለቱ ቤቶች አሁን ውሃ የሚያገኙት ከየት ነው? ስለ እነሱ አንድ ቃል አልጻፉም። የድሮው መስመር ከእርስዎ ቆጣሪ ኋላ ተቀጥሎ ከሆነ ቆጣሪው ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው፤ የግቢውን ውሃ በሙሉ ለእርስዎ እየቆጠረ። ወይም ደግሞ ጎረቤት «አንድ ጀሪካን» ብሎ ሲመጣ ይሰጣሉ። ውሃ የለመነን መከልከል ነውር ነው፤ እኔም ያደግኩት እንደዚያው ነው። ግን እውነቱን ለራስዎ ይንገሩ። በቀን ስንት ጀሪካን ይወጣል? በገንዘብስ የሚወስድ አለ? ካለ ለጠበቃዎ ቀድመው ይንገሩት። ሌላው ወገን በምስክር ካወጣው ያኔ ይከብዳል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ውሃ በመጣበት ሌሊት የቤትዎን ቧንቧዎች ሁሉ፣ የሮቶውን መግቢያና የሽንት ቤቱን ሲፎን ጨምረው ይዝጉ። ከዚያ ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሿን ተሽከርካሪ ይመልከቱ። ቆማ ከሆነ መስመርዎ ደህና ነው። እየዞረች ከሆነ ወይ የሚያፈስ ነገር አለ፣ ወይ ሌላ መስመር አለ። አንድ ሊትር በደቂቃ የሚያፈስ ቀዳዳ ሳይቋረጥ ቢፈስ በወር 43 ሜትር ኩብ ገደማ ይጨርሳል። የእርስዎ በወር ሲካፈል 46 ተኩል ነው። ውሃው በፈረቃ ስለሆነ ቀዳዳው ከዚህም ሰፋ ሊል ይችላል። የሮቶው ፍሎተር (ሮቶው ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ) ተበላሽቶ እርስዎ ተኝተው ውሃው በቱቦ ወደ ዲች ሲወርድ የሚያድርበትን ቤት ስንቱን አይቻለሁ። ሁሉንም በስልክዎ ቪዲዮ ይቅረጹ፤ ቁጥሩም ሰዓቱም ይታይ። ቆጣሪውን ግን አይፍቱ፤ ማሸጊያውንም አይንኩ። ማሸጊያው ተነክቶ ከተገኘ ከሳሽነትዎ ቀርቶ እርስዎ ራስዎ በወንጀል ሊጠየቁ ይችላሉ።

ፈረቃን ካነሱ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ ቧንቧው ውስጥ የተጠራቀመው አየር ነው የሚወጣው። ያ አየር ቆጣሪ ያዞራል። ይህ እውነት ነው። ግን 186 ሜትር ኩብ አየር ነው ብለው ዳኛ ፊት አይቁሙ፤ ሌላው ክርክርዎም አብሮ ክብደቱን ያጣል።

ሁለተኛው የጎደለ ነገር፦ ቆጣሪው የገባው በማን ስም ነው? «ለብቻዬ ይግባልኝ አልኩ፤ ገባ» ብለዋል። ተከራይ ነዎት። ቆጣሪ ለማስገባት የቤት ሰነድ ስለሚጠየቅ ውሉ በአከራይዎ ስም እንደሆነ እገምታለሁ። ከሆነ ከውሃ አቅራቢው ጋር የተዋዋሉት እሳቸው ናቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1952 እንደሚለው ውል የሚጸናው በተዋዋዮቹ መካከል ነው። እርስዎ ብቻዎን ሄደው ቢጮሁ «አንቺ ማን ነሽ?» ሊባሉ ይችላሉ። ወይ አከራይዎ አብረው ይሂዱ፣ ወይ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደው ውክልና ይስጡዎት።

የኪራይ ውልዎንም አላያያዙልኝም። በጽሑፍ ነው? ተመዝግቧል? የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ በኋላ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። ውሃን በሚመለከትስ ምን ይላል? «ውሃና መብራት ተከራይ ይከፍላል» የምትል አንዲት መስመር ብቻ ከሆነች መሬት ውስጥ የፈነዳ አሮጌ ቧንቧ ያፈሰሰውን ማን ይከፍላል የሚለው ያከራክራል። በመርህ ደረጃ ዋና ዋና ጥገና የአከራይ ነው፤ ጥቃቅኑ የተከራይ። ቀዳዳ ካገኙ ግን በዚያው ቀን ለአከራይዎ በጽሑፍ ያሳውቁ። በቴክስትም ቢሆን ይሁን። በቃል ብቻ ነግረው ሁለት ወር ካለፈ «አልሰማሁም» የሚል ይመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ «በሦስት ዙር ክፈይ አሉኝ» ብለው አልፈውታል። ከዚያስ? ምን አሉ? ፈረሙ? የመጀመሪያውን ዙር ከፈሉ? እዚህ ጋ ዝም ብለዋል፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ዝምታ ነው።

ሰው ስንት ጊዜ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ እንደሚገባ ልነግርዎ አልችልም። ነገሩ እንዲህ ነው የሚሆነው። ሰውየው ተናዶ ይሄዳል። ወረፋ ይጠብቃል። መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ያዝንለታል። «ግዴለም፣ በአንድ ጊዜ ካልቻልክ ከፋፍለህ ክፈል፣ ውሃውም አይቆረጥብህም» ይለዋል። አንድ ገጽ ወረቀት ይሰጠዋል። ሰውየው እፎይ ብሎ ይፈርማል። እፎይታው ደግሞ ሳያነብ ያስፈርመዋል። ወረቀቱ ላይ ብዙውን ጊዜ «ያለብኝን ውዝፍ ሂሳብ አምኜ» ወይም ይህን የመሰለ ቃል አለ። ያቺ «አምኜ» የምትለዋ ቃል ናት ሁሉንም ነገር የምትቀይረው።

ከመፈረምዎ በፊት እርስዎና አቅራቢው እኩል ቆማችኋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2001 መሠረት እዳ አለብህ የሚል ወገን እዳ መኖሩን ማስረዳት አለበት። የተነበበው ቁጥር፣ መነሻው ቁጥር፣ የቆጣሪው ጤንነት ሁሉ ጥያቄ ሊነሳበት ይችላል። ከፈረሙ በኋላ ግን ክርክሩ ስለ ውሃ መሆኑ ያበቃል። ስለ ፊርማዎ ይሆናል። ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል ባደረጉት ሰዎች ላይ ሕግ ነው ይላል። የማስረዳቱ ሸክምም ከአቅራቢው ትከሻ ላይ ወርዶ እርስዎ ላይ ይጫናል።

ሳይፈርሙ ዝም ብሎ አንድ ዙር መክፈልም ከዚህ ብዙ አይሻልም። ስለ ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ማለፍ) የሚናገረው ቁጥር 1851 እዳን ከፋፍሎ መክፈልን እዳን እንደማመን ይቆጥረዋል። ተቃራኒ ወገን ይህን ይዞ «ባይኖርባት ለምን ከፈለች?» ማለቱ አይቀርም።

አንድ ደንበኛዬ የመጣው ሁለተኛውን ዙር ከከፈለ በኋላ ነው። የቧንቧ ሠራተኛ አምጥቶ ሲያስቆፍር ቀዳዳው ከቆጣሪው በፊት ሳይሆን በኋላ፣ ያውም በጎረቤት አጥር ሥር ተገኘ። ጥሩ ማስረጃ ነበረው፤ ፎቶም አለው። ግን ከፎቶው በፊት ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው የራሱ ፊርማ ነው። መጨረሻው በሽምግልና ሂሳቡን ከጎረቤቱ ጋር መካፈል ሆነ። ቀድሞ መጥቶ ቢሆን ሌላ ነገር ይባል ነበር።

ታዲያ አይክፈሉ ማለቴ ነው? አይደለም! ይህኛው ደግሞ ተቃራኒው ስህተት ነው። ክፍያ ካቆሙ ውሃው ይቆረጣል፣ ቅጣት ይደመራል፣ ከዚያ በኋላ የሚሟገቱት ተጠምተው ነው። የየወሩን አዲስ ቢል በወቅቱ ይክፈሉ። በሚከራከሩበት ሂሳብ ላይ ግን ከክፍያው በፊት የጽሑፍ ቅሬታ ያስገቡ። ሁለት ኮፒ ይዘው ይሂዱ፤ አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ ያድርጉ፣ በሁለተኛው ላይ ቀንና ማኅተም አስመትተው ይውሰዱ። ያለ ማኅተም የተመለሰ ኮፒ ተራ ወረቀት ነው። ለመክፈል ከተገደዱ ደግሞ ደብዳቤው ላይ «ቅሬታዬ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ አገልግሎቱ እንዳይቋረጥ ብቻ የምከፍለው» ብለው ይጻፉ። በስልክ ሲከፍሉ ይህን የሚጽፉበት ቦታ ስለማያገኙ ደብዳቤው ከክፍያው በፊት ወይም በዚያው ቀን ገቢ መሆን አለበት። ያልተገባ ክፍያ የከፈለ ሰው እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ቁጥር 2164 ላይ አለ። ነገር ግን እያወቀ፣ ወዶና ዝም ብሎ የከፈለ ሰው ላይ በሩ ይጠባል። ያቺ አንዲት መስመር ዝም አለማለትዎን ታሳያለች።

ፈርመው ከሆነስ? አይደንግጡ፤ ግን አይዘግዩ። ፈቃድዎ የተሰጠው በስህተት፣ በመታለል ወይም በመገደድ ከሆነ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይቻላል፤ ቁጥር 1696 እና ተከታዮቹ ስለዚህ ናቸው። የጊዜ ገደብ አለው፤ ቁጥር 1810 ምክንያቱ ከተወገደ ጀምሮ ሁለት ዓመት ይላል። «ሳላነብ ነው የፈረምኩት» ብቻውን ግን ስህተት አይባልም። ማንበብ የማይችሉ ካልሆኑ በቀር ማንም ዳኛ አያዝንልዎትም። በዚህ ጉዳይ ላይ ወረቀቱን ያላየ ጠበቃ ተስፋ ቢሰጥዎ አይመኑት፤ እኔም ሳላይ አልሰጥም።

ደብዳቤዎ ውስጥ አንድ ጥሩ ነገር አለ፤ እርስዎ ግን አላስተዋሉትም። አራት ወር ቢል አልመጣም ብለዋል። የውሃ ታሪፍ በደረጃ ነው፤ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ሜትር ኩብ ዋጋም ይጨምራል። የአራት ወር ውሃ እንደ አንድ ወር ተቆጥሮ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ወጥቶ ከሆነ፣ ውሃውን በእርግጥ ተጠቅመውት እንኳ ሂሳቡ ያለ አግባብ ንሯል። ለየወሩ ተከፋፍሎ እንዲሰላ በጽሑፍ ይጠይቁ። ቀዳዳም ይኑር ጎረቤትም ይቅዳ፣ ይህ ጥያቄ በራሱ ይቆማል። ቢሉን ይዩት፤ ያለፈው ንባብና የአሁኑ ንባብ ቀናቸው ተጽፎ ከሆነ ማስረጃው እጅዎ ላይ ነው። ቆጣሪው ሲገባ መነሻው ስንት እንደነበር የሚያሳይ ወረቀትም ይፈልጉ። አዲስ ቆጣሪ ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል ብለው አይመኑ። ከሌላ ቤት የተነሳ ከሆነ የሌላውን ቤት ውሃ ነው የሚከፍሉት።

በተረፈ የድሮውን 200 ብር እንደ መለኪያ አያቅርቡት። ያ መዋጮ ነበር፤ የእርስዎ ፍጆታ አልነበረም። ምናልባት 11 ዓመት ሙሉ ከሚጠጡት በታች ሲከፍሉ ኖረው ይሆናል። ይህን በሌላው ወገን አፍ ከሚሰሙት ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል።

ቆጣሪው በእርግጥ ይመርመር ካሉ ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን፤ ምርመራውም እርስዎ ወይም ወኪልዎ ባሉበት ይደረግ። ቆጣሪው ሲነሳ ቁጥሩን ፎቶ ያንሱ። ውጤቱን በወረቀት ይቀበሉ።

ከዚህ በላይ ሰነድ ሳላይ መናገር አልችልም። የኪራይ ውሉን፣ ሁሉንም ቢሎች፣ የቆጣሪ ማስገቢያውን ወረቀትና የከፈሉበትን ደረሰኝ በአንድ ፋይል ይዘው እኔ ዘንድ ወይም የሚያምኑት ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ። የክፍያ ስምምነቱን ፈርመው ግልባጩ ካልተሰጠዎት ሰኞ ጠዋት በመጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። ሁለተኛው ዙር የሚከፈልበት ቀን ሳይደርስ።